እንግዳችን የት ይረፍ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ እንጠየቃለን። «የካፋን ተራራና ጫካ ለማየት 6 ቀን አለን፤ የት ብናርፍ ይሻላል?» ይሉናል። ከአዲስ አበባ የሚመጡትም፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችንም፣ ፈረንጆቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። ዛሬ ግን መልሱ ገንዘብ አለበት። ከቁጠባችን የወጣውና ደጋፊዎቻችን የጨመሩት ተደምሮ የሚያሠራልን 3 የእንግዳ ክፍል ብቻ ነው። ሁለት ቦታ አይበቃም። ስለዚህ አንድ መንደር መምረጥ አለብን። አንዱን ስንመርጥ ሌላው ቅር እንደሚለው እናውቃለን። ለዚህም ነው ምክንያታችንን አንድ በአንድ ልናስረዳችሁ የፈለግነው።

መጀመሪያ እንግዳው የሚመጣበትን አገር እንየው። እኛ ስለኖርንበት አናስተውለውም እንጂ ካፋ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ወደ ጎጀብና ወደ ኦሞ ተፋሰስ ሲወርዱ ቆላ ነው። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአዲዮ ደጋ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰው 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ብርዱ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ቦንጋ ላይ በነጠላ የሚቀመጥ ሰው አዲዮ አናት ላይ ሲደርስ ጋቢና ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ታች ቡናና ኮረሪማ፣ ከፍ ሲሉ እንሰትና ገብስ፣ ከዚያም የቦቃ የቀርከሃ ደን ይመጣል። በመኪና በጥቂት ሰዓት ሦስት ዓይነት አገር ማየት ይቻላል። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ዩኔስኮ የካፋን ባዮስፌር ሪዘርቭ ሲመዘግብ ከ760,000 ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ነው የያዘው። ይህ ሁሉ በ6 ቀን አይታይም። እንግዳው ያየውን በደንብ አይቶ፣ ደክሞት ሳይሆን ረክቶ እንዲመለስ ግን ማድረግ ይቻላል። ያም ከማረፊያው ይጀምራል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን ሁሉን እናሳይ ማለታችን ነበር። የመጀመሪያዎቹን እንግዶቻችንን በየሌሊቱ ሌላ ቦታ አሳደርናቸው። አንድ ሌሊት ቦንጋ፣ አንድ ሌሊት ውሽውሽ፣ አንድ ሌሊት ጭሪ፣ ከዚያ አዲዮ። ጠዋት ጠዋት ሻንጣ ማሰር፣ መኪና መጠበቅ፣ ማታ ማታ ሻንጣ መፍታት ሆነ። ከ6ቱ ቀን 3ቱ መንገድ ላይ እንዳለቀ የቆጠርነው ከሄዱ በኋላ ነው። የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። ከከፈሉት ውስጥ ትልቁ ድርሻ ለመኪና ኪራይና ለነዳጅ ወጣ። ቆጮውን የጋገረችው፣ ቡናውን የቆላችው፣ አልጋውን ያነጠፈችው እኅታችን ያገኘችው ከሁሉ ያነሰውን ነው። እንግዶቹም ሲሰናበቱ «አገራችሁ ውብ ነው፤ ግን የማንንም ስም ሳንይዝ ሄድን» አሉን። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጣችን አልወጣም።

ሁለተኛው ስሕተታችን የመጀመሪያውን ለማረም ስንል የመጣ ነው። «እንግዲያው አንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ከሁሉ የሚያምረው ቦታ ላይ ይሁን» አልን። ከሁሉ የሚያምረው የአዲዮ ደጋ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። መስቀልን አስታከው ከአዲስ አበባ የመጡ 6 የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን፣ አያታቸውን ጨምሮ፣ ለ5 ሌሊት ደጋ ላይ አሳረፍናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሰማዩ ጠራ፤ ሁሉም ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን ጉሙ ወረደ፤ ዝናቡም አላባራ አለ። መኪናው ከጭቃው ስለማይወጣ ታች ዋናው መንገድ ላይ ቆመ። በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አያትየው ትንፋሽ አጠራቸው። አስም እንዳለባቸው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ስልክ እንደውል ብንል ኔትዎርክ የለም። የመንደሩ ጎረምሶች ተነሡ፣ ቃሬዛ ተሠራ፣ በባትሪ እየተመራን በዝናብ ሁለት ሰዓት ወርደን መኪናው ጋ ደረስን። ቦንጋ ሆስፒታል ስንደርስ ጎሕ ቀድዶ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ ዳኑ። ሲሻላቸው «ልጆቼ፣ እናንተ ምን አጠፋችሁ፤ መድኃኒቴን መኪና ውስጥ የረሳሁት እኔ» አሉን። ይህን ያሉት ከደግነታቸው ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሕመም አለባችሁ ወይ ብለን አልጠየቅንም። ሌሊት ቢያስፈልግ በምን እንወርዳለን ብለን አላሰብንም። ማረፊያውን የመረጥነው በውበቱ ብቻ ነው። ቃሬዛውን የተሸከሙት የአዲዮ ልጆች ባይኖሩ ዛሬ ስለ እንግዳ ማረፊያ የምናወራበት አፍ አይኖረንም ነበር። እናቶቻቸው እዚህ አላችሁና በጉባኤው ፊት እናመሰግናለን።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ምን ያደርጋሉ ብለን ጠየቅን። በአገራችን ብዙ የሚታይ አለ። ሰሜን ተራሮችን የሚያይ ሰው ደባርቅን መነሻ ያደርጋል፤ ስንቁን፣ አስጎብኚውንና ጠባቂውን ከዚያ ይዞ ይወጣል። ከላሊበላ ወዲህ በመቄት ወረዳ ደግሞ ተስፋ በሚባለው ፕሮጀክት ገበሬዎቹ ራሳቸው የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ትሸከምለታለች። ያ ለእነርሱ ይሆናል፤ አምባው ገላጣ ነው፣ በበጋ መንገዱ ይደርቃል። የእኛ ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዝናባችንም ዓመቱን ሙሉ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ እንዳለ ልንቀዳው አንችልም። የወንጪ ሰዎችን የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገብቷቸዋል፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ጮቄ ተጨምሯል። ይህን የምናነሣው እንግዳን በመንደር መቀበል የፈረንጅ ሥራ ብቻ አለመሆኑን እንድታዩት ነው።

ከውጭም እንይ። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች አገር የእረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንደር መርጦ ሳምንቱን እዚያው ይቀመጣል። ጠዋት በአውቶቡስ ወይም በገመድ መኪና ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ወደዚያው አልጋ ይመለሳል። ኦስትሪያ ውስጥ የአልፕስ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2008 «በርግሽታይገርዶርፈር» የሚል ሥራ ጀምሯል፤ «የተራራ ወጪዎች መንደሮች» ማለት ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ትልቅ ሆቴልና ብዙ የበረዶ መንሸራተቻ ማሽን መደርደር አይጠቅምም፤ እንዲያውም ያስወጣል። የሚጠየቀው መንደሩ መንደርነቱን መጠበቁ ነው። በእርግጥ እነርሱ በረዶ አላቸው፣ አስፋልቱም እስከ በራቸው ይደርሳል፤ እኛ ደግሞ ጭቃ አለን። ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል። ማረፊያ መንደር ማለት የሁሉም ውበት መከማቻ አይደለም፤ ወጥተው ሊመለሱበት የሚችሉበት ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን 6 መመዘኛ አወጣን።

አንደኛው ደርሶ መልስ ነው። እንግዳው ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ፣ ያየውን አይቶ፣ ሳይመሽ የሚገባበት መሆን አለበት። አገራችን የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ማታ 1 ሰዓት ገደማ ይጨልማል፤ በጫካ መንገድ ሲመሽ መመለስ ለማንም አይበጅም።

ሁለተኛው ዝናብ ሲዘንብም የሚያስወጣ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ሕክምና ነው። ሌሊት የሚደረስበት ጤና ተቋምና የሚሠራ ስልክ ሊኖር ይገባል።

አራተኛው ውኃ ነው። ይህን ወንዶች ሲያወሩት አንሰማም፤ የምናውቀው እኛ ነን። አንድ እንግዳ ለመታጠቢያ ብቻ በቀን አንድ ጀሪካን ውኃ ይፈልጋል እንበል። 6 ሰው በ6 ቀን 36 ጀሪካን ይሆናል። ምንጩ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ከሆነ 18 ሰዓት ሙሉ አንዲት ሴት ወገቧ ጎብጦ ትመላለሳለች ማለት ነው። የምግቡና የዕቃ ማጠቢያው ሳይቆጠር። ማገዶውም እንዲሁ ነው። እንግዳ ጫካ ሊያይ መጥቶ ጫካው ለእርሱ ውኃ ማሞቂያ የሚቆረጥ ከሆነ ምን ሠራን? የሴትን ሸክም ለመቀነስ የቆመ ማኅበር በሴት ጀርባ ላይ ሸክም ጨምሮ «ገቢ አስገኘሁ» ሊል አይገባውም።

አምስተኛው የዝናብ ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ እንግዳው ምን ያደርጋል? አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣራ የሚያይ ከሆነ ማረፊያው አልሆነም።

ስድስተኛው የጎረቤት ፈቃድ ነው። መንደሩ እንግዳውን እንደ እንግዳ ማየት አለበት። ፎቶ ሲነሣ የሚቆጣ፣ ልጆቹ ብር እንዲለምኑ የማይፈልግ ጎረቤት ትክክል ነው። እርሱን ሳይጠይቁ መጀመር ጸብ መጥራት ነው።

አሁን የተጠቆሙትን ቦታዎች በእነዚህ እንመዝን።

ማንኪራን ብዙዎቻችሁ ጠቁማችኋል። የቡና መገኛ ተብሎ የሚጠራው ጫካ እዚያ ነውና ማንም እንግዳ ሳያየው መሄድ አይፈልግም። ደግሞም ማየት አለበት። ነገር ግን መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጫካው ራሱ ያሳስበናል። የባዮስፌሩ አሠራር ሦስት ቀጠና አለው፤ ምንም የማይነካበት እምብርት፣ በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ዙሪያ፣ ከዚያም ሰው የሚኖርበትና የሚያለማበት ክፍል። እኛም የራሳችንን ቤት እንደዚሁ እናስብ። ማንኪራ ሄደው ባርኔጣቸውን አውልቀው አይተው የሚመለሱበት ይሁን፤ የሚያድሩበት፣ የሚያነዱበት፣ ቆሻሻ የሚጥሉበት አይሁን።

ውሽውሽ ጥሩ ነው። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው፤ የሻይ ልማቱ አረንጓዴ ምንጣፍ ለዓይን ይማርካል። ግን መሬቱ የሻይ እርሻው ድርጅት ይዞታ ነው፤ እኛ እዚያ ተከራይ እንጂ ባለቤት አንሆንም። የአንድ ቀን ጉብኝት ይበቃዋል።

የአዲዮ ደጋ በውበትና በአየር አንደኛ ነው። ቀርከሃው አለ፣ ገብሱ አለ፣ በአገር የታወቀው የቦንጋ በግ መገኛም ይኸው ነው፤ በጎቹን በመምረጥ የሚያራቡ የአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፣ ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ይሠራሉ። የሰዉም ፈቃድ ሙሉ ነው፤ በዚያች ሌሊት አይተነዋል። የሚጎድለው መንገድ፣ ውኃና ሕክምና ነው። ሦስቱም ደግሞ በእኛ 3 ክፍል ገንዘብ የሚሟሉ አይደሉም።

ቦንጋ ራሷስ? ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ፣ አስፋልት መንገድ ላይ ናት። ሆስፒታሉ አለ። የቧንቧ ውኃ አለ፤ ቢጠፋም የምናጠራቅምበት ጋን አለን። ለዝናብ ቀን ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙ አለ፣ ገበያው አለ፣ ሦስት ስኒ ቡና ቁጭ ብሎ መጠጣትም አለ። ከእርሷ ተነሥቶ ባርታ ፏፏቴን፣ የእግዜር ድልድይን፣ የጥንት ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን አንድራቻን፣ ውሽውሽን፣ ማንኪራን በየቀኑ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ጉሬዛ ለማየት እንኳ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከከተማው ዳር ካለው ዛፍ ላይ ጠዋት ይሰማል።

አንድ ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። «ቦንጋ ሆቴል አለ፤ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ በዝቷል። እንግዳ የእኛን 3 ክፍል ምን ብሎ ይመርጣል?» የሚል ነው። ከሆቴል ጋር በቴሌቪዥንና በሙቅ ሻወር ልንወዳደር አንችልም፤ አንሞክርም። ከተማው መሃልም አንሠራም። የምናስበው አባሎቻችን በሚኖሩበት በከተማው ዳር፣ ጫካው በሚጀምርበት በኩል ነው። እንግዳው እዚያ የሚያገኘው ሆቴል የማይሰጠውን ነው። እንሰት ሲፋቅ ያያል፣ ቆጮ ሲጋገር እሳት ዳር ይቀመጣል፣ የካፋን ነጭ ማር ከቤቱ ይቀምሳል፣ የሴቶቹን ስም ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችን ያጡትን ማለት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። 3ቱ ክፍሎች በቦንጋ ዳር ይሠሩ። እንግዳው 6 ቀን ካለው 5ቱን ሌሊት እዚያ ይረፍ። ወደ አዲዮ በቀን ወጥቶ ይመለስ፤ ምሳውን እዚያ ይብላ። ማደር የሚፈልግና ጤናው የሚፈቅድለት ካለ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ብቻ አንድ ሌሊት ይደር። ከግንቦት እስከ መስከረም ማንንም ደጋ ላይ አናሳድርም፤ ቢለምንም፣ እጥፍ ቢከፍልም። ማንኛውም እንግዳ ሲመጣ ስለ ጤናው ይጠየቃል፤ መድኃኒቱ በኪሱ መኖሩ ይታያል።

የአዲዮ እኅቶቻችን፣ አሁን ለእናንተ ነው። ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። ክፍሎቹ እናንተ ጋ እንደሚሠሩ ተስፋ አድርጋችሁ ቀርከሃ የቆረጣችሁ አላችሁ። ተስፋውን የሰጠናችሁም እኛ ነን፤ ሳንመዝን ተናግረናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በባዶ እጅ ግን አንሸኛችሁም። እንግዳ በቦንጋ ላደረበት ሌሊት ከሚከፈለው ከ100 ብር 10 ብሩ በአዲዮ ቡድን ስም ይቀመጥ እንላለን። የደጋው ምሳ፣ የእግር ጉዞው መሪ፣ የገብስ ቆሎውና የቀርከሃ ሥራው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ይሁን። የቆረጣችሁት ቀርከሃ በዋጋው ተገዝቶ ለቦንጋው ቤት ጣራና አጥር ይዋል። መንገዱ የተሠራ ዕለት ደግሞ ጉዳዩን መጀመሪያ የምናነሣው እኛ እንሆናለን፤ ይህ በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለን። በላክንላችሁ ወረቀት ላይ ያለው ፎቶ ከአዲዮ የተነሣ ነው፤ ጉሙ፣ ቀርከሃው፣ አጥሩ። ገንዘባችሁን የሰጣችሁት ያንን ፎቶ አይታችሁ እንደሆነ እንረዳለን። አሁን ግን የምንጠይቃችሁ ያን ያህል ለማያምር ፎቶ ነው፤ የቆርቆሮ ጣራ፣ የውኃ ጋን፣ መጸዳጃ ቤት፣ ቤቱ በር ላይ የሚደርስ መንገድ። ያች ሌሊት ያስተማረችን ይህንን ነው። ፎቶው እንግዳን ይጠራል፤ በደኅና የሚያሳድረውና በደኅና የሚሸኘው ግን ጋኑና መንገዱ ነው። ሐሳባችንን ካልተቀበላችሁት ንገሩን፤ ገንዘባችሁን በሌላ ስም አናውልም።

በመጨረሻም፣ ይህን ምርጫ ለራሳችንም እናስበው። አብዛኞቻችን በዚህ አገር ተወልደን ማንኪራን አይተን አናውቅም። ከቦንጋ አዲዮ፣ ከአዲዮ ቦንጋ የምንመላለሰው ለገበያና ለለቅሶ ነው። ክፍሎቹ ሲያልቁ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የአዲዮ አባሎቻችን እንዲሆኑ ኮሚቴው ይጠይቃል፤ ሁለት ሌሊት፣ ያለ ክፍያ። አልጋው ይጎረብጥ እንደሆነ፣ ውኃው ይበቃ እንደሆነ፣ በሩ ሌሊት ይንኳኳ እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚነግረን የለም። እንግዳ ማሳደር ከእናንተ ነው የተማርነው፤ ፈተናውንም እናንተ ፈትኑን።

አሁን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከደጋ የመጣችሁ ቅድሚያ ተናገሩ።